እኔ የለሁም ባዩ ፎቶ አንሺ

በየከተማው ያለ ፎቶ አንሺ አንድ ነው። ቀና በል ይላል፣ ፈገግ በል ይላል፣ በሃያ ዓመት ትዳርህ ሰው ፊት አቅፈሃት የማታውቀውን ሚስትህን እቀፋት ይላል። ከጀርባህ ባሕርና ዘንባባ የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጋና፣ ውሃ ሲባል ከሻያ ወንዝ በቀር የማታውቀውን የባሌ ሰው ባሕር ዳርቻ ያቆምሃል። አንተም ፎቶህን ስታይ ደስ ይልሃል፤ እሱም ደስ ይለዋል፤ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ከመቶዎቹ መካከል ግን አንዱ ታሞ ይወጣል። ይህኛው ቀና በል አይልም፤ እንዲያውም ፈገግ ካልክበት ይቆጣል። የሚፈልገው እውነቱን ነው። እውነት ደግሞ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ሰው መታየቱን ባወቀባት ቅጽበት ትሸሻለች። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤትህ ከሆነ እግዜር ይሁንህ። ጥርስህን ስትጎረጉር፣ ከሚስትህ ጋር ስትነታረክ፣ ከአጥሩ በላይ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ትሰማለህ።

የሮቤው ሕመምተኛ ክቡር ወዚር ይባላል። "ክቡር" የምትለዋን የጨመርኩለት እኔ ነኝ። አጥር ለአጥር የምንኖር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኃይለመስቀል፣ በቁምጣ ሆኜ ዶሮ ሳባርር በእሱ ካሜራ የተነሳሁ ሰው፣ ይህን ያህል መብት አለኝ። ወዚር ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሰው ነው። ካሜራውን ሲያነሳ የሚላትን ነገር ከተማው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። "ሥራህን ሥራ፤ እኔ የለሁም።"

የሰፈራችንን ልጅ የፈርዶሳን ሠርግ ያነሳው እሱ ነው። ስድሳ አራት ፎቶ ያለበት አልበም ሲመጣ ሙሽራዋ የታየችው በሦስቱ ብቻ ነበር። በአንዱ ታዛጋለች፣ በአንዱ ጎንበስ ብላ የጠበባትን ጫማ ታወልቃለች፣ በሦስተኛው የሚታየው ማጅራቷ ነው። የቀረው አልበም ሽንኩርት በሚልጡ ሴቶች፣ ፍራሽ ላይ ተጋድመው በሚያንኮራፉ የሙሽራው አጎትና ሥጋ በመሐረብ በሚጠቀልሉ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተሞልቷል። የሙሽራዋ እናት አልበሙን በብብታቸው ይዘው ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። ወዚር ሠርጉ እንዲህ እንደነበር በትሕትና አስረዳቸው።

"እንዲህ እንደነበረማ እኔም አይቻለሁ" አሉት። "ፎቶ አንሺ የጠራሁት ለምን ይመስልሃል?"

ወዚር ይህችን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስላት ሰነበተ፤ ከዚያ ሴትዮዋ ጥበብ አልገባቸውም ብሎ ተገላገለ።

የሚያስቀው ነገር እንጀራው ጉርድ ፎቶ መሆኑ ነው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤት ፎርም የሚነሳ ሰው ሁሉ የሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ክቡር ወዚር እንደ ማንኛውም ፎቶ አንሺ ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህ ይታይ ሲል ይውላል። የሚለውም ቅጣት እንደተፈረደበት ሰው ነው። እኔን ያነሳኝ ጊዜ ፎቶው ላይ የወጣሁት መርዶ እንደሰማ ሰው ሆኜ ነበር። ባማርር፣ "ኃይሌ፣ አንተ እኮ እንዲህ ነህ" አለኝ።

እሑድ ሲሆን ግን ሱቁን ዘግቶ ወደ ገበሬው ይወጣል። ሲናና ላይ የኮምባይነር ተራ ሲጠብቁ ጆንያ ተደግፈው ያንቀላፉ ሰዎችን፣ ዲንሾ መንገድ ዳር በግ አቅፋ ከሚኒባስ ረዳት ጋር የምትከራከር ሴትዮን፣ ጭቃ የበላውን ቦቲ ጫማ እያነሳ ይመጣል። የዚያን ጊዜ ፌስቡክ በከተማችን ገና ትኩስ ነበር። ወዚር ፎቶዎቹን እዚያ ላይ ይለጥፋል፤ ስድስት ሰው፣ ቢበዛ ዘጠኝ ሰው ላይክ ያደርግለታል። ላይክ ቆጥሬ አላውቅም ይላል። ሚስቱ ጁሀራ ግን ቁርስ ሳይቀርብ ስልኩን ስንቴ እንደሚያይ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። "እኔ የለሁም የሚል ባል አግብቼ" ትላለች፣ "ላይክ ሲመጣ ግን አለ።"

በተለይ የሚያንገበግበው የጎባው ፍቅረየሱስ ነበር። ፍቅረየሱስ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ ያነሳል። አንዲት ገንዘብ ያዥ ልጅ ነጭ ቀሚስ አልብሶ፣ ከንፈሯን ቀብቶ፣ ሲናና ስንዴ ማሳ መሀል ነዶ አስታቅፎ አነሳት። ልጅቷ ማሳ ገብታ አታውቅም፤ የስንዴው ጺም ሦስት ቀን ሙሉ አሳከካት። ፎቶዋ ሁለት ሺህ ላይክ አገኘች፤ ከሥሯም "ሀገሬ" ብለው የጻፉ ሰዎች ብዛት ይህ ነው አይባልም። ወዚር ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። "ነዶ እንዲህ ይታቀፋል?" አለኝ። "ሕፃን ነው እንዴ?"

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ወዚር የሚሳቅበት ሰው ነው። የማይሳቅበት ጊዜም ነበር።

በ2006 ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ተደረገና ወዚር ካሜራ ስላለው እንዲያነሳ ተጠራ። ቦቷቸው ያልቆሸሸ የተከበሩ ሰዎች ዶማቸውን ከፍ አድርገው ቆመው ጠበቁት። ወዚር በትሕትና፣ "ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ የለሁም" አላቸው። እነሱ እሱን ጠበቁ፤ እሱም እነሱን ጠበቀ። ዶማ ከፍ አድርጎ መቆም ከመቆፈር ይብሳል። በመጨረሻ ክንዳቸው ዝሎ ዶማውን ጣሉና ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳቦና ለስላሳ ቀረበላቸው። ከኋላቸው ሴቶች ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ወዚር ይህን አነሳ፤ በማግስቱም "የተፋሰስ ሥራ" ብሎ ለጠፈው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቢሮ ተጠራ። አራት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ጁሀራ ምሳውን በሳህን አስራ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ቀረች፤ ግባ የሚላትም፣ ሂጂ የሚላትም አልነበረም። ማን ልኮህ ነው ብለው ጠየቁት። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ማንም አልላከኝም አለ። እንግዲያው ለምን አነሳህ ሲሉት፣ ስለነበረ ነው ብሎ መለሰ። እፊታቸው ፎቶውን አስደመሰሱት፤ መከሩትና ለቀቁት። ወጥቶ መንገዱን ተሻገረና ሳህኑን ከጁሀራ ተቀበለ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። ያን ፎቶ ከመደምሰሱ በፊት አይቼዋለሁ። ድንጋይ ከተሸከሙት ሴቶች አንዷ እናቴን መሰለችኝ። ጣቴን ላይኩ ላይ ካደረግሁ በኋላ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ማን ያየዋል፣ ምን ይመጣል ብዬ መልሼ አነሳኋት። ወዚር ስለዚህ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን በአጥሩ በኩል ሰላም ባለኝ ቁጥር ያቺ ጣቴ ትዝ ትለኛለች።

ዋናው ነገር የመጣው በታኅሣሥ 2007 ነው።

ጁሀራን አባቷ ሲሞቱ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ ኦቦ መሀመድአወል ይባላሉ። ከጎባ በላይ፣ ኮምባይነር በማይወጣው ተዳፋት ላይ ገብስ ያርሳሉ። ያ ገብስ የቤቱ የዓመት ቀለብና የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው፤ ሌላ ነገር የላቸውም። በዚያ ታኅሣሥ ሦስት ቀን በበሬና በፈረስ አበራይተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ለነፋስ መስጠት ነበር። የነፋሱ ሥራ ሳያልቅ ዝናብ ከመጣ አለቀ። በሳነቴ ተራራ በኩል ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ጥቁር ደመና ተኮልኩሎ ሰንብቷል። ስለዚህ ጁሀራ ባሏን እሑድ በማለዳ ሄዶ እንዲያግዝ ለመነችው። እሺ አላት። ካሜራውንም ያዘ።

ወዚር በልቡ አንድ ዕቅድ ነበረው። ባለፈው ዓመት እዚያው አውድማ ሄዶ ሰላምታ ሰጥቶ ነበር። ሁሉም ሥራ አቁመው እጁን ጨበጡት፤ ቤት አስገብተው ጭኮ አበሉት፤ ስለ ሮቤ ሰው አንድ በአንድ ጠየቁት። ሲወጡ ብርሃኑ ሄዷል፣ የዕለቱ ሥራም ቀርቷል። ሰላምታው ፎቶዬን በላው እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር ነበር። ዘንድሮ ማንም ሳያየው ሊደርስ ቆርጧል።

የዚያ አገር ልማድ ግን እንዲህ ነው። አውድማ ላይ የደረሰ ሰው ጠርዙ ላይ ይቆማል። ወደ ምርቱ ዓይኑን ከመጣሉ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ "በረካ ያድርገው" ይላል። የሚሠሩት ሁሉ መንሻቸውን አቁመው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ "አሚን፣ ኮቱ" ይሉታል፤ ና ግባ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ምርቱን እንደልቡ ማየት ይችላል። ሳይባርክ ተደብቆ የሚያይ ሌባ ነው፤ ሌባ ካልሆነም ዓይኑ ክፉ ነው። ወዚር ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ለብርሃን ብሎ ተወው።

በስተጀርባ በአስታ ቁጥቋጦ መሀል ዞሮ መጣና ገለባው ክምር ሥር በሆዱ ተኛ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ስምንት ሰዎች በመንሽ ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ እብቁ በአንድ ወገን ይበናል፣ ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኦቦ መሀመድአወል ኮታቸው ጀርባው ላይ ተቀዷል፤ ላባቸው አንገታቸው ላይ ይወርዳል። ልጃቸው ዙሀይራ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ በእንጨት ላይዳ ፍሬውን ትሰበስባለች። ማንም ወደ ካሜራው አላየም። ወዚር ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሹን ውጦ አነሳ፤ ከዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዲቱ ፎቶ በሕይወቱ ካነሳው ሁሉ የምትበልጥ እንደሆነች ያኔውኑ አወቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ።

የተወረወረው እብቅ ተመልሶ ፍሬው ላይ ወደቀ። ስምንቱም መንሻቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉና ወደ ሳነቴ አዩ። አንድም ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከገለባው ሥር ቀጭ አለ።

ዙሀይራ ናት ቀድማ ያየችው። ስሙን ጠራችው፤ ወዚር ገለባውን ከፀጉሩ እያራገፈ ተነሳ። ኦቦ መሀመድአወል ዝግ ብለው ዞሩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለኸው?"

"ትንሽ ቆየሁ፣ አባ።"

"በረካ ብለሃል?"

ወዚር ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም፤ አልተቆጡምም። መንሻቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉና ነፋስ መጠበቅ ጀመሩ።

እኔ የዘመኑ ሰው ነኝ፤ ነፋስ የሚነሳውም የሚቆመውም በራሱ ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ወዚርም ያውቃል። ግን እዚያ አውድማ ላይ ስምንት ሰዎች ቆመው ሲጠብቁ፣ አንድም ሰው ሳይሰድበው፣ አንድም ሰው ሳያናግረው፣ እውቀቱ ምንም አልጠቀመውም። ካሜራውን በሻንጣው ከትቶ ጠርዙ ላይ ሄዶ ቆመና "በረካ ያድርገው" አለ። አሚን ያለው አልነበረም።

አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ደመናው ከተራራው ላይ መውረድ ጀመረ። ነፋስ እምቢ ሲል ብርድ ልብስ አምጥተው ሁለት ሁለት ሆነው ማራገብ ያዙ። ወዚር ጃኬቱን አውልቆ ከዙሀይራ ጋር የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ። ክንዱ እስኪዝል አራገበ፤ እብቁ አፉና ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ መዳፉ ተላጠ። በአንድ ሰዓት የሚሠሩት ነፋስ በአፍታ ከሚሠራው አይደርስም። ጁሀራ ከሮቤ ስትደርስ ማንም አልነገራትም። የባሏን ፊትና የአጎቷን ጀርባ አይታ ነገሩ ገባት፤ ሸራ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሮጠች።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የተጣራውን በሸራ፣ በገለባ፣ በወዚር ጃኬት፣ የካሜራውን ሻንጣ ቀደው ባገኙት ላስቲክ ሸፈኑ። ያልተጣራው ግማሽ እዚያው ረጠበ። ኦቦ መሀመድአወል ዝናቡ ውስጥ ቆመው ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

እሳት ዳር ተቀምጠው ልብሳቸው እየጨሰ ሳለ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ አሳየኝ" አሉት። ወዚር ያችን ፎቶ አወጣና ካሜራውን ሰጣቸው። ትንሿን መስተዋት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ።

"አንተ የት አለህ?"

"እኔ አንሺው ነኝ፣ አባ። አልታይም።"

"አጠገባችን ነበርህ።"

"ነበርኩ።"

"እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ይላል?" አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። "የመሀመድአወል ቤተሰብ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቀና አይልም፣ ሰላም አይልም ይላል። እንግዳ መጥቶብን ጀርባችንን ሰጥተን ስንሠራ ነው ያነሳኸን።"

"አባ፣ እውነተኛ ሥራችሁ ነው እኮ።"

"ሥራችን ነው። እኛ ግን አይደለንም። እኛ ሰው ሲመጣ እናቆማለን።" ካሜራውን መለሱለት። "ይህ ዕቃ እስከሚቀጥለው አውድማ ድረስ ደጄን አይርገጥ። አንተ ና። ልጄን አግብተሃል፣ ቤትህ ነው። ዕቃው ይቅር።"

ወደ ሮቤ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጁሀራ በመስኮቱ ስታይ መጣች። አንድ ቃል ተናገረች። እኚያ ሰው አባቴ ናቸው አለችው፤ ሌላ አላለችም።

ፎቶዋ ግን አለች። ወዚር ካሜራውን አውጥቶ ያያታል፣ መልሶ ይከታታል። ፍቅረየሱስ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከጎባ ድረስ መጥቶ አያት፤ ለካስ እሱም ዓይን አለው። በእኔ ገጽ ላይ ትውጣ፣ አምስት ሺህ ሰው ያያታል፣ ስምህ ከሥሯ ይጻፋል አለው። ወዚር አስብበታለሁ ብሎ ሰደደው። በማግስቱ ለእኔ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም፤ እብቁ በአየር ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ የሽማግሌው ክንድ ውስጥ ያለው ጅማት ሳይቀር ይታያል። ዘንድሮስ ላይክ አደርግልሃለሁ አልኩት። በቀልድ አስመስዬ ነበር የተናገርኩት።

"የተፋሰሱን ጊዜ ዓሥረኛው ላይክ ያንተ እንደሚሆን ጠብቄ ነበር" አለኝ፤ እሱም በቀልድ አስመስሎ። ከዚያ ስለ ፎቶዋ ተናገረ። ኦቦ መሀመድአወል ያሉኝን ካልሰማሁ ላይክ ምን ያደርግልኛል አለ። የተፋሰሱን ፎቶ ያጠፋው ቢሮ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው አስገድደውት ነበር። ይህችን ማንም ሳያስገድደው አጠፋና የሱቁን በር ከፍቶ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው አስገባ።

ዓመቱን ሙሉ በየሁለት እሑዱ ባዶ እጁን ከጎባ በላይ ወጣ። አረመ፣ አጥር ጠገነ፣ የረጠበው ገብስ በቅሎ ለከብት ሲሰጥ ቆሞ አየ። ለዘር የሚሆን ከሲናና ፈልጎ በጀርባው ተሸክሞ አደረሰ። ሮቤ ላይ ቀልዱ ቀነሰ፤ ከአጥሩ በላይ ቀጭ የሚል ነገር ጠፋ። ዶሮዬን በቁምጣ ሳባርር ቀና ብዬ አያለሁ፤ የለም። አናምንህም ትሉኝ ይሆናል፣ ነገር ግን ናፈቀኝ።

ታኅሣሥ 2008 ደረሰ። ያ ታኅሣሥ በኦሮሚያ ውስጥ መንገዱ ሁሉ የተጨነቀ፣ ሰው ከሰው ጋር ዝቅ ብሎ የሚነጋገርበት ነበር። ካሜራ ይዞ መንገድ መውጣት ያስፈራል። ጁሀራ ተወው፣ በስልክህ አንሳ፣ ባታነሳስ ብላ ነበር። ወዚር ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሳይደብቅ ወጣ። ጎባ መግቢያ ላይ ፈታሾች ከሚኒባስ አስወረዱት። ሻንጣውን ፈተሹ፤ ካሜራው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ጉርድ ፎቶ ነበር፤ የማይስቁ ሁለት መቶ የሮቤ ሰዎች። አንዱ ፈታሽ ምን ልታነሳ ነው አለው።

"ገብስ" አለ ወዚር። "ገብስ ሲመረት።"

ሰውዬው ረጅም ጊዜ ፊቱን አየው። ሚኒባሱ ጥሎት ሊሄድ ሞተሩን አስነስቷል። በመጨረሻ ካሜራውን መለሰለትና ሂድ አለው። ወዚር ሮጦ ተሳፈረ።

አውድማው ጋ የደረሰው በጠዋት ነው፤ ነፋሱም ዘንድሮ በማለዳ ተነስቷል። በቁጥቋጦው በኩል አልዞረም። በዋናው መንገድ፣ ፀሐይዋን ከኋላው አድርጎ መጣና ጠርዙ ላይ ቆመ። ካሜራውን ደረቱ ላይ እንዳለ ያዘ። ምናልባት ዘንድሮም አሚን የሚል ይጠፋ ይሆናል ብሎ ፈራ። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"በረካ ያድርገው።"

ስምንቱም ዞሩ። ጣቱ ተጫነች።

ፎቶዋ በየትኛውም መለኪያ የተበላሸች ናት። አዘንብላለች። በግራ በኩል የፈረስ ቂጥ ገብቶባታል። ዙሀይራ አፏን ከፍታለች፤ ወርውራ ያልጨረሰችው እብቅ ራሷ ላይ እየፈሰሰ ነው። ኦቦ መሀመድአወል አንድ እጃቸውን ከፀሐይ ለመከለል ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ሌላውን ወደ ፊት ዘርግተዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ቃል እየተናገሩ እንደሆነ ያስታውቃል። ከፎቶዋ ጠርዝ ተነስቶ ደግሞ አንድ ረጅም ጥላ አውድማውን አቋርጦ ሽማግሌው እግር ሥር ደርሷል።

ሽማግሌው ካሜራውን ተቀብለው እንዳምናው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጣታቸውን ጥላው ላይ አሳረፉ።

"ይቺ የማን ናት?"

"የኔ ናት፣ አባ።"

"እህ" አሉ ኦቦ መሀመድአወል። "አሁን መጣህ።"

ከዚያ ካሜራው ሚስማር ላይ ተሰቀለ፤ ወዚር መንሽ ያዘ፤ ገብሱ በአንድ ቀን ተጣርቶ ገባ። ያን ቀን ሌላ ፎቶ አልተነሳም።

ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ አላወጣትም። ትልቅ አድርጎ አሳተመና ሱቁ ውስጥ፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው ከሚቀመጥበት በርጩማ ፊት ለፊት ሰቀላት። እሱ ቀና በል፣ አትሳቅ እያለ ከካሜራው ጀርባ ሲቆም፣ የተቀመጠው ሰው በወዚር ትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያየው እሷን ነው። ከዚያ ወዲህ የሮቤ ሰው መታወቂያ ላይ ያለው ፊት ተቀይሯል። አልሳቁም፣ ሕጉን አልጣሱም፤ ግን ሰው ሰላም ያላቸው ይመስላሉ።

እኔም መታወቂያዬን ለማሳደስ ሄድኩ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ክራባቴን አስተካከልኩ። ስለ ፎቶዋ ሰምቻለሁ እንጂ ቀርቤ አላየኋትም ነበር። ወዚር ቀና በል አለኝ፣ ቀና አልኩ። ስምንት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው እኔን አዩኝ፤ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተዋል፤ የወዚር ጥላ መንገዱን አሳየኝ። እኔ እስላም አይደለሁም፣ ገበሬም አይደለሁም፣ ሰው ፊት ስሜቴን አውጥቼ አላውቅም።

"አሜን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ካሜራው በዚያችው ሰዓት ቀጭ አለ።

አፌ እንደተከፈተ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ለመታወቂያ አይሆንም ብሎ መለሰው፤ አፌን ገጥሜ ሌላ ተነሳሁ። የተመለሰውን ግን አልጣልኩትም፤ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ወዚር ፎቶውን ሲሰጠኝ፣ "አንተ እኮ እንዲህ ነህ" ብሎኛል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሳባርር በአጥሩ በኩል ቀና ብዬ እጠብቀዋለሁ።